የወይዘሮ ሰገነት የግራ እጅ ጣቶች ጉዳይ

ብዕሩን የያዘው እጅ የመምህር ነብዩ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የገብረወልድ ነው። ይህ ከሁሉ በላይ ይጻፍ ያልኩት፣ ኋላ ፊደሉን ያየ ሰው ምስጋናውን ለመምህር እንዳይሰጥብኝ ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ማንበብም መጻፍም አልችልም፤ ሲመርጡኝም ያውቃሉ። ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ መጻፍ ይችል ስለነበር ያልተባለውን ሁሉ ጻፈው፣ ሁለት ቤተሰብ ተቀያየመ። ጸሐፊነት የማስታወስ ሥራ ነው። መጻፍ የእጅ ሥራ ነው፣ እጅ ደግሞ ተውሰናል። መምህር፣ ይሄንንም ጻፍ። አትሳቅ።

ቀን፦ እሁድ ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቡታጅራ፣ የሰፈራችን እድር ዕቃ ቤት፣ በተጠቀለለው ድንኳንና በትልልቆቹ ድስቶች መካከል
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡50 የተጀመረ
ሰብሳቢው አካል፦ የእድሩ የመስቀል ዝግጅት ኮሚቴ

የተገኙ አባላት

1. ወ/ሮ ዛህራ፣ ሰብሳቢ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ በሰፈሩ የተጣላ ሰው ሁሉ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው።
2. አቶ ገብረወልድ፣ ጸሐፊ። ሠላሳ አንድ ዓመት ክትፎ ከትፎ አሥሩም ጣቱ ያለ።
3. አቶ ሙባሪክ፣ አባል። የባጃጅ መካኒክ።
4. መምህር ነብዩ፣ አባል። ከደብረ ማርቆስ የመጣ የሂሳብ መምህር። በተማሪነቱ ጊታር ይጫወት እንደነበር ራሱ ተናግሯል፤ ምስክር የለውም።

ጉዳዩ የሚመለከታት፦ ወ/ሮ ሰገነት። ቆጮ ሻጭ፣ የአርባ አራት ዓመት ሴት። የእድሩ ጊታር ያለው እሷ ቤት ነው፤ ዛሬ ይዛው ቀርባለች።

ያልተገኘ አባል፦ አቶ ተረፈ። አረቅጥ ለቅሶ ሄዷል ተብሎ ተመዝግቧል። ድንች ሊያመጣ ነው የሄደው።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ ከአምስት አባላት ሦስቱ ይበቃሉ። አራት ስለተገኘን አንድ ሰው ትርፍ ሆነ። ትርፉ ማን ነው የሚል ጥያቄ ከአቶ ሙባሪክ ቀርቦ፣ ሁሉም ወደ ሙባሪክ ስላየ ጥያቄውን ትቶታል።

የነገሩ መነሻ

በመስቀል ማግስት ከየከተማው የገባው ልጃችን ሁሉ በሚሰበሰብበት ጭፈራ ላይ ጊታር የሚመታው ቴዲ ነበር። ቴዲ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ጊታሩን ለእድሩ ተወ። ዕቃ ቤቱ አይጥ ስላለበት ሰገነት ወስዳ አስቀመጠችው። ከመሄዱ በፊት ቴዲ ጥቂት አሳይቷት ነበርና እሷም መምታት ጀመረች። ድምፁ ያምራል። ብቻ ይዘገያል።

አጀንዳ 1፦ ከወልቂጤ ስለመጣው ደብዳቤ

አቶ ሙባሪክ ከሚኒባስ ሾፌር የተቀበለውን ደብዳቤ መምህር አነበበ። የወልቂጤው እድር እንዲህ ይላል፦ ቡታጅራ ጊታር መቺ እንደሌላት ሰምተን አዝነናል፤ ለመስቀል አቶ አለሙን ከነኪቦርዱ እንልክላችኋለን፤ እናንተ ደግሞ ሥራ የፈታውን ጊታር ለእኛ ስጡን፣ እዚህ የሚመታው ሰው አለ፤ መልሱን ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ላኩልን።

አቶ ሙባሪክ፣ አለሙ የሚባለውን ሰው ጉንችሬ ሰርግ ላይ እንዳየው ተናገረ። ሰውየው ማሽኑን አንድ ጊዜ ተጭኖ ሻይ ሊጠጣ እንደወጣ፣ ዘፈኑም ያለ እሱ እንደቀጠለ፣ ተመልሶ ሲመጣም እንደተጨበጨበለት አስረዳ።

ወ/ሮ ዛህራ ደብዳቤው ማኅተም የለውም አሉ። "ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ አይመለስም።" አቶ ሙባሪክ ከሾፌሩ እጅ በገዛ እጁ መቀበሉን፣ መጣም አልመጣም የሚያሰኝ ነገር እንደሌለ ተከራከረ። ከረዥም ውይይት በኋላ

ውሳኔ 1፦ ደብዳቤው እንደመጣ እንዲቆጠር በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ሰብሳቢዋ ተቃውመዋል።

ቀጥሎ ሰገነት ልትናገር ዕድል ጠየቀች። ተፈቀደላት። "ባሌ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ማታ እቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ ድምፅ የሚያወጣ ይሄ ጊታር ብቻ ነው። ወልቂጤ ትልቅ ከተማ ነው፣ ሌላ አያጣም" አለች። ይህ ንግግር ከአጀንዳው ውጭ መሆኑን ጸሐፊው አመልክቷል። ሰብሳቢዋ ይያዝ ስላሉ ተይዟል። ጸሐፊውም ባይሉት ኖሮ ይይዘው ነበር።

ውሳኔ 2፦ ሰገነት ዛሬ፣ ይህ ስብሰባ ሳይበተን፣ ጣቷን ከጭፈራው እኩል ካደረሰች ጊታሩ እሷ ዘንድ ይቆያል፤ ካላደረሰች ነገ በሚኒባስ ወደ ወልቂጤ ይሄዳል። በሙሉ ድምፅ።

አጀንዳ 2፦ የመጀመሪያ ፈተና

አቶ ሙባሪክ የትልቁን ድስት ክዳን አንስቶ የጭፈራውን ምት መታ። የእኛ የጉራጌ ጭፈራ ምን ያህል እንደሚፈጥን ለመምህር ማስረዳት አስፈልጓል፤ እሱ አገር ትከሻ ነው የሚሠራው፣ እኛ ጋ እግሩም እጁም ወገቡም አንድ ላይ ነው የሚሠራው። መምህር ይህን ሲጽፍ ፊቱን አጨፍግጓል። ጻፍ ብያለሁ።

ሰገነት ጀመረች። እስከ አምስተኛው ምት አብራ ነበረች። ከዚያ ቀኝ እጇ ቀድሞ ሄደ፣ ግራ እጇ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው እስኪሻገር ሙባሪክ ክዳኑን መትቶ ጨርሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እሱ ከተቀመጠ በኋላ ጊታሩ ደረሰ። አንድ ክርም ተበጥሷል፤ በዚህ ክረምት አራተኛው ነው። መለዋወጫ ስለነበራት እዚያው ቀየረችው።

ውጤት፦ አልደረሰችም። ሰብሳቢዋ ጊዜ አለን፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው አሉ።

አጀንዳ 3፦ የጣት ጉልበት ስለማጎልበት

ጸሐፊው የሚከተለውን አስረዳ። ጣት የሚዘገየው ጉልበት ሲያጣ ነው። እኔ ሁለት ቢላ በሁለት እጄ ይዤ ስከትፍ፣ ቢላው አይታይም ነበር፤ ሰው የሚያየው ሥጋው ሲደቅ ብቻ ነው። ይህንን የሚያውቁ ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ። ስለዚህ ሰገነት በቀን አንድ ሰዓት ብትከትፍ በሳምንት ጣቷ ይፈታል። አንድ ሳምንት የለንም ቢባል አሁኑኑ ትጀምር።

ሐሳቡ ተወደደ። ክርክሩ የተነሣው ሥጋው ላይ ነው። ልምምዱ ሲያልቅ የተከተፈውን ኮሚቴው እንደሚመገበው ግልጽ ነበር። አቶ ሙባሪክ ሥጋው በማን የታረደ ይሆናል አለ። እኔ በእኔ ዘመድ አልኩ። እሱ፣ "እንግዲያው እኔና ወ/ሮ ዛህራ አንበላም" አለ። በእናንተ ይታረድ ቢባል ደግሞ እኔና መምህር አንበላም። መምህር ሁለት ዓይነት ሥጋ ይቅረብ አለ፤ ሴትየዋ ግን አንድ ናት፣ ግራ እጇ በክርስቲያን ሥጋ ቀኝ እጇ በእስላም ሥጋ ሊሠለጥን አይችልም ተባለ። አቶ ሙባሪክ ለምን አይችልም ብሎ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰገነት ቢላዎቹን ይዛ ቆማለች።

ውሳኔ 3፦ ለሰላም ሲባል ልምምዱ በጎመን እንዲሆን፣ አይብም እንዲኖርበት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ጎመኑና አይቡ ከወ/ሮ ዛህራ ቤት መጣ። ሰገነት ለሃያ ደቂቃ ከተፈች። ኮሚቴው ልምምዱን ቀምሶ ሚጥሚጣ እንደሚቀረው አስተያየት ሰጥቷል። ሁለተኛ ሳህን ልምምድ ተጠይቆ ተከትፏል።

በዚህ ጊዜ መምህር እጁን አወጣ። ያወጣው እጅ የሚጽፍበት እጅ ስለሆነ ጸሐፊው እንዲያወርደው አድርጓል።

አቶ ሙባሪክ፣ "ጋሼ ገብሬ፣ ክትፎው ይበልጥ የሚያሠራው ቀኝ እጅን ነው፤ ጊታር ክሩን የሚይዘው ግራው ነው" አለ። ባጃጅ ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠው ፍሪሲዮን በግራ እጅ በኩል ስለሆነ፣ አሥር ዓመት ባጃጅ የነዳ ሰው በግራ እጁ ጨብጦ ሰላም ካለህ ትጮሃለህ ሲል አስረዳ። ሰላም ብሎኝ ያውቃል፣ አልጮህኩም።

ውሳኔ 4፦ ሰገነት በር ላይ በቆመው የአቶ ሙባሪክ ባጃጅ ላይ ተቀምጣ ፍሪሲዮኑን ሁለት መቶ ጊዜ እንድትጨብጥ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ።

ሰገነት ወጥታ ጨበጠች። ሙባሪክ ቆጠረ። መቶ ሰባ ስድስት ላይ የፍሪሲዮኑ ገመድ ተበጠሰ። ሙባሪክ ገመዱ አርጅቶ ነው አለ፤ ባለፈው ሳምንት አዲስ አስገባሁ ብሎ ሲፎክር የነበረው ግን እሱ ራሱ ነው። "ሰገነት፣ ስንት ዓመት ነው እንሰት የፋቅሽው?" ብሎ ጠየቃት። "ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ" አለች። "ታዲያ ይሄን አስቀድመሽ አትነግሪኝም?" "ጨብጪ አላችሁኝ፣ ጨበጥኩ" አለች።

የጣቶቹ ጉልበት ጉድለት እንደሌለበት በዚሁ በማስረጃ ተረጋግጧል። ሆኖም ውሳኔው ስለተወሰነ ቀሪው ሃያ አራት በፍሪሲዮኑ ምትክ የድንኳኑን ካስማ በመጨበጥ እንዲሟላ ተደርጓል።

አጀንዳ 4፦ ስለ ቀለበት ጣት እምቢተኝነት

መምህር ሁለተኛ ጊዜ እጁን አወጣ፤ አሁን ግራውን ነው። ስለዚህ ተፈቀደለት። ነገሩ የጉልበት አይደለም፣ ጣቶቹ እኩል ነፃ አይደሉም አለ። አንድ ነገር አሳየ። እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የመሃል ጣቱን ወደ ውስጥ አጠፈ። ከዚያ የቀለበት ጣታችሁን ብቻ አንሡ አለን።

ሁላችንም ሞከርን። የስብሰባው አሥራ አንድ ደቂቃ በዚሁ አልፏል።

ወ/ሮ ዛህራ ሃምሳ ስምንት ዓመት አብሯቸው የኖረ ጣት አንድ ቀን እንኳ ለብቻው እንደማይነሣ አለማወቃቸውን በሐዘን ገለጹ። አቶ ሙባሪክ የእኔ ተነሣ አለ፤ ሲታይ ያነሣው ክንዱን ነው። የጸሐፊው ጣት ተነሥቷል። መምህር፣ ተነሥቷል ብለህ ጻፍ። አቶ ሙባሪክ አልተነሣም ብሏል፤ እሱም ይጻፍ፣ ያላዩትን መናገር መብት ነው።

ሰብሳቢዋ ነገሩን እንዲህ ብለው አቀረቡት፦ ይህ የጉልበት ጉዳይ ሳይሆን የጎረቤት ጠብ ነው። የመሃሉ ጣት የቀለበት ጣትን ይዞታል። የተያዘ ሰው ደግሞ በሽማግሌ ይፈታል እንጂ በፍሪሲዮን አይፈታም። በሥርዓቱ ይታይ። ሁሉም ተስማማ፤ ሽምግልና ከተባለ ሰፈራችን ወንበር እስኪመጣ እንኳ አይጠብቅም።

ከሳሽ ጊታሩ ሆነ። ተከሳሽ የሰገነት የቀለበት ጣት። ተከሳሹ ዋስ ይጥራ ተባለ። ሰገነት፣ "እሱ ያለ መሃሉ ጣት የትም ሄዶ አያውቅም፣ ሌላ ማንን ይጠራል?" አለች። መምህር የያዘው ጣት ራሱ ለተያዘው ዋስ ሊሆን አይችልም ሲል ተቃወመ። ወ/ሮ ዛህራ፣ "መምህር፣ እኛ አገር ሁልጊዜም እንዲሁ ነው" አሉ። ትንሿ ጣት በምስክርነት ቀርባ፣ እሷም ስትነሣ ብቻዋን አለመነሣቷ ስለታየ ቃሏ ውድቅ ተደርጓል።

ውሳኔ 5፦ የመሃሉ ጣት እርቁ እስኪያልቅ ከጠቋሚው ጋር በጨርቅ እንዲታሰር በሦስት ድምፅና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ። ጨርቁን ሰብሳቢዋ ከመቀነታቸው ጫፍ ቀደዱ።

ቀጥሎ ጸሐፊው በጣቱ ላይ ያለው ቀለበት ክብደት ስለሆነ ይውለቅ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቀለበቱ ባሏ ያሰረላት ነው። ሰገነት የታሰረ እጇን አየችና፣ "ጋሼ፣ ቀለበቱ ይውለቅ ካላችሁ ጊታሩን አሁኑኑ ውሰዱት" አለች።

ማንም እጁን አላወጣም። አቶ ሙባሪክ ባጃጁ መስታወት ላይ እናቱ ያሰሩለት ጨሌ እንዳለ፣ ስንት ዓመት ተንጠልጥሎ አንድ ቀን እንኳ ባጃጁን እንዳላዘገየው ተናገረ። ጸሐፊው ሐሳቡን ትቶታል። ተሳስቶ አይደለም የተወው። ስለፈለገ ነው የተወው። ቀለበቱ እዚያው ይኖራል፤ ይህ ድምፅ አልተሰጠበትም፣ አላስፈለገምም።

ጣቶቹ ታስረው ሃያ ደቂቃ ተቆየ። ከዚያ ወ/ሮ ዛህራ እርቅ ወርዷል ብለው ፈቱ።

አጀንዳ 5፦ ሁለተኛና የመጨረሻ ፈተና

ሰገነት እጄ ዝሏል፣ ትንሽ ልረፍ ብላ ጠየቀች። እውነቷን ነው፤ ክንዷ እንደ እርጥብ ነጠላ ተንጠልጥሏል። አቶ ሙባሪክ ሱቅ ሳይዘጋ የፍሪሲዮን ገመድ መግዛት ስላለበት ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። ጊታሩ ተሰጣት። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ጊታሩ የሚጠቀለልበት ማዳበሪያ ከድስቶቹ ጀርባ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ማን እንዳዘጋጀው አልተጠየቀም።

ሙባሪክ ክዳኑን መታ። ሰገነት ጀመረች።

ክሩን መጫን አቃታት። ነካ ታደርገዋለች፣ ትተወዋለች። ነካ፣ ትተወዋለች። አምስተኛው ምት አለፈ። አሥረኛው አለፈ። አብራው ናት። ሙባሪክ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ በተንኮል አፈጠነው። እሷም ፈጠነች። ጨርሶ ሰው በማይጨፍርበት ፍጥነት መታው፤ አብራው ሄዳ መጨረሻ ላይ ቀደመችው። ክዳኑ ከእጁ ወድቆ እስከ በሩ ተንከባለለ። ክር አልተበጠሰም።

የወ/ሮ ዛህራ ትከሻ መንቀሳቀሱ ታይቷል። መምህር ብዕሩን ጥሎ አጨብጭቧል። ጸሐፊው ከመቀመጫው ተነሥቶ እንደነበር አቶ ሙባሪክ እንዲመዘገብለት ጠይቋል። የተነሣሁት ወገቤን ስላመመኝ ነው። ለምን እግርህም ተነሣ ቢባል፣ ወገብና እግር የሚያያዙ ናቸው።

ውጤት፦ ደርሳለች።

ከዚህ በኋላ ትልቁ ጠብ ተነሣ። ጸሐፊው ጎመኑ ሠራ አለ። አቶ ሙባሪክ ፍሪሲዮኑ ሠራ አለ፣ ገመዱን መስዋዕት ያደረገው እሱ መሆኑም እንዳይረሳ አለ። ሰብሳቢዋ ሽምግልናው ሠራ አሉ። ድምፃችን ሲቀላቀል ሰገነት ተናገረች።

"ምኑም አልሠራም። ጉልበቴ አልቆ ነው። ድሮም አጥብቄ የምይዘው እንዳትወስዱብኝ ነበር።"

ከዚያ መምህር ይህንኑ ከአጀንዳ ሦስት ጀምሮ ሊናገር እንደነበር ገለጸ፦ ክሩ ድምፅ እስኪሰጥ ብቻ ይነካል፣ ከዚያ በላይ የተጫነ ጣት ለመነሣት ይዘገያል፣ መጀመሪያም ቀስ ተብሎ ነው የሚጀመረው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨመራል። ለምን ቀድሞ እንዳልተናገረ ተጠየቀ። ጸሐፊውን አየ። ጸሐፊው ሌላ አጀንዳ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ዛህራ ለወልቂጤ ምን ይመለስ አሉ። አቶ ሙባሪክ የወልቂጤ ሰዎች ስጦታቸውን ስንመልስባቸው ይቀየማሉ፣ ከእነሱ ጋር ሰርግም ለቅሶም አለን አለ። እውነት ነው። እምቢ ማለት ከባድ ነው፣ እሺ ማለት ደግሞ ጊታሩ ይሄዳል። ብዙ ተባለ። በመጨረሻ ጸሐፊው፣ ማለትም እኔ፣ የሚከተለውን አቀረብኩ። ዛሬ የወሰንነው ሁሉ ጣት ለማጠንከር ነበር። ጣት መላላት እንጂ መጠንከር አያስፈልገውም ተብሏል። እንግዲያው ዛሬ የወሰንነው ሁሉ ልክ አልነበረም። ልክ ያልሆነ ነገር ደግሞ አልተወሰነም ማለት ነው።

አቶ ሙባሪክ ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ፣ "ይሄስ?" አለ። ወ/ሮ ዛህራ፣ "እሱ ወረቀት ነው። ደብዳቤ ያደረገው የእኛ ውሳኔ ነበር፤ እሱም አብሮ ተሽሯል" አሉ። ሙባሪክ ወረቀቱን ገልብጦ አየው፣ አጥፎም መልሶ ኪሱ ከተተው። እንግዲያው የፍሪሲዮኑም ገመድ እንዳልተበጠሰ ይቆጠርልኝ አለ። ገመዱ በውሳኔ ሳይሆን በሰገነት እጅ ስለተበጠሰ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል።

ውሳኔ 6፦ ከውሳኔ 1 እስከ ውሳኔ 5 ያሉት ሁሉ ተሽረዋል። ጎመን አልተከተፈም፤ የተበላው ግን ተበልቷል። ጣት አልታሰረም፣ አልታረቀምም። ከወልቂጤ ደብዳቤ አልመጣም። ያልመጣ ደብዳቤ አይመለስም፣ ለማንም እምቢ አልተባለም። ጊታሩም የትም ይሂድ ተብሎ ስለማያውቅ ባለበት ነው ያለው። ይህ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፤ ሐሳቡን ያቀረበው ገብረወልድ መሆኑ በትልቁ ይጻፍ።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡40 ተበትኗል። ሰብሳቢዋ ፈርመዋል። ሙባሪክ ፈርሞ ወደ ሱቅ ሮጧል። እኔ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አትሜያለሁ፤ ጣቴን ያላመነ መጥቶ ይመርምር።

መምህር፣ አሁን ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። ጮክ በል። ሰገነት በር ላይ ተቀምጣ ጊታሩን መምታት ጀምራለች፣ በዚህ አያያዟ ዛሬ አንተን አታሰማኝም።